ስልክዎ ዋይፋይ አልይዝ ሲል፦ ከምልክቱ ወደ መፍትሄው

ዋይፋይ እምቢ ሲል ብዙ ሰው የኔትወርክ ቅንብሩን በሙሉ ይደመስሳል። እባክዎ ይህን ለመጨረሻ ያቆዩት፤ ስልኩ ያስቀመጣቸው የይለፍ ቃሎች ሁሉ አብረው ይጠፋሉ። የት ላይ እንደቆመ ስልኩ ራሱ ይናገራል፤ ከዋይፋዩ ስም ሥር ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ ያንብቡ።

ስሙ ጨርሶ አይታይም

ራውተር ስሙን በሰከንድ አሥር ጊዜ ያህል በአየር ላይ ይለቃል፤ ስልኩም የደረሰውን ስም ብቻ ይዘረዝራል። በእኛ አገር የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ግድግዳው ነው። የመንዝና የደብረ ብርሃን ዙሪያ የድንጋይ ቤት ብርዱን እንደሚመክት ሁሉ ሞገዱንም ያዳክማል፤ ቆርቆሮማ ጭራሽ ይመልሰዋል። በተለይ ባለ 5 ጊጋኸርዝ ሞገድ ፈጣን ቢሆንም ወፍራም ግድግዳ አይችልም፤ ባለ 2.4ቱ ዘገምተኛ ሆኖ የተሻለ ያልፋል። ራውተሩ ሁለት ስም ካሰራጨ በጓዳና በእንግዳ ክፍል ባለ 2.4ቱን ይምረጡ። አንዳንድ የቆዩና ርካሽ ስልኮች ደግሞ 5 ጊጋኸርዝን ከነጭራሹ ስለማያነቡ ራውተሩ አጠገባቸው ቢሆንም ስሙን አያሳዩም። ራውተሩን ከቴሌቪዥን ጀርባና ከብረት ቁም ሣጥን አውጥተው ከፍ ባለ ቦታ፣ በበር ትይዩ ያስቀምጡት። መብራት ጠፍቶ ከመጣ ደግሞ ጥቂት ደቂቃ ይታገሡት።

የይለፍ ቃሉ ስህተት ነው ይላል

የዓይን ምልክቷን ነክተው የጻፉትን ይመልከቱ። ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ቀርቶ ይሆናል፤ ወይም የመጀመሪያው ፊደል ሳያስቡት ትልቅ ሆኗል። ባለቤቱ ቃሉን ቀይሮ ከሆነ ስልኩ አሮጌውን እየደጋገመ ነውና ዋይፋዩን "እርሳ" ብለው እንደገና ያስገቡ። ከሁሉ የሚሻለው አለመጻፍ ነው፦ አንድሮይድ 10 እና ከዚያ በላይ ያለው፣ አስቀድሞ የገባ ሰው "አጋራ" ሲል የኪውአር ኮድ ይወጣል፤ እርስዎ በካሜራ ያነሱታል።

"አይፒ አድራሻ በማግኘት ላይ" ብሎ ይቀራል

የይለፍ ቃሉ አልፏል፤ ራውተሩ ግን ለስልኩ የሚሰጠው ቁጥር አልቆበታል። በምረቃ ወይም በጥምቀት ሰሞን ሆቴሉና ካፌው ሲጨናነቅ የሚያጋጥመው ይኸው ነው። ስልክዎን አይውቀሱ፤ ራውተሩን አጥፍተው እንዲያበሩት ባለቤቱን ይጠይቁ። ስልኮችን መዝግቦ በሚያስገባ መሥሪያ ቤት ግን ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ይችላል። ከአንድሮይድ 10 እና ከአይኦኤስ 14 ወዲህ ስልክ ለየዋይፋዩ የተለየ የማክ አድራሻ (ራውተር ስልኩን የሚለይበት ቁጥር) ስለሚያሳይ ራውተሩ አያውቀውም። በዚያ ዋይፋይ ዝርዝር ውስጥ የስልኩን እውነተኛ ማክ ይምረጡ።

ተገናኝቷል፣ ኢንተርኔት ግን የለም

እዚህ ላይ ቆም ይበሉ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ስልኩ እንደገባ ወደሚታወቅ አድራሻ አጭር ጥያቄ ይልካል። የጠበቀው መልስ ቀርቶ ሌላ ገጽ ከመጣለት የሆቴሉ መግቢያ ገጽ እንዳለ ያውቅና "ይግቡ" የሚል ማሳሰቢያ ያወጣል። ማሳሰቢያው ካልወጣ ቪፒኤኑን (ኢንተርኔትዎን በሌላ ቦታ በኩል አዙሮ የሚያሳልፈውን መተግበሪያ) ያጥፉ፤ መንገዱን የሚዘጋው ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ሌላው የቀን መቁጠሪያ ነው። ባትሪው ሞቶ የተነሳ ስልክ ቀኑን ሲጠይቅ የእኛን ዓመት የሚሞሉ አሉ። ስልኩ ግን የሚያውቀው የፈረንጁን ስለሆነ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይቀራል። ያኔ የድረ ገጾች የደኅንነት የምስክር ወረቀት ገና ያልጀመረ መስሎ ይታየዋል፤ ባንኩም ክሮሙም አልከፍት ይላሉ። ቀንና ሰዓቱን "በራስ ሰር" ላይ ያድርጉት። ይህን ሳይመለከቱ ስልኩን ለጥገና መውሰድ ገንዘብ መጣል ነው።

ዋይፋይ ላይ ሆኜ ጥቅሌ አለቀ

ዋይፋዩ ሲደክም ስልኩ ሳይጠይቅ ወደ ሞባይል ዳታ ይሻገራል። በብዙ አንድሮይዶች በዋይፋይ ቅንብር ውስጥ "ወደ ሞባይል ዳታ ቀይር" የሚለውን፣ በአይፎን ደግሞ በሞባይል ዳታ ቅንብር መጨረሻ ያለውን "ዋይፋይ አሲስት" ያጥፉ። ያለ ይለፍ ቃል የሚከፈት ዋይፋይ ላይም "በራስ ሰር ተገናኝ" የሚለውን ያንሱ፤ ስልክ ክፍት ዋይፋይን የሚያውቀው በስሙ ስለሆነ ሌላ ሰው በዚያው ስም ቢያሰራጭ ዘው ብሎ ይገባል።