አብስትራክት ስትጽፉ ግኝቱን አትደብቁት

አብስትራክት፣ ማለትም የጥናታችሁ አጭር ማጠቃለያ፣ የሚጻፈው መጨረሻ ላይ ነው። ጽሑፉ አልቆ፣ ሰንጠረዦቹ ተረጋግጠው፣ ከዚያ በኋላ። ከፕሮፖዛሉ ላይ ገልብጦ "ይደረጋል" የሚለውን "ተደርጓል" እያሉ መቀየር አይሠራም። ፕሮፖዛል ውስጥ ግኝት የለማ!

ዋናው ነገር ደግሞ ግኝቱ ነው። ጽሑፋችሁን ከሚያገኙት ሰዎች ብዙዎቹ ከአብስትራክቱ አያልፉም። ፐብሜድ (የሕክምና ጥናቶች የሚፈለጉበት ድረ ገጽ) ላይ ሲፈልጉ አብስትራክቱ በነጻ ይታያቸዋል፣ ሙሉው ጽሑፍ ግን ብዙ ጊዜ ክፍያ ይጠይቃል። ስለዚህ ያገኛችሁትን እዚያው ንገሯቸው።

ቴሲሶች ላይ በብዛት የማየው ግን ተቃራኒውን ነው። ግማሹ ችግሩ በዓለም ላይ ምን ያህል እንደተስፋፋ ያወራል፣ ቀጥሎ የናሙና አመራረጡ፣ መጠይቁ፣ መረጃው በስንተኛው የኤስፒኤስኤስ (የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር) ቨርዥን እንደተተነተነ ሳይቀር ይዘረዘራል፣ ከዚያ "ልዩ ልዩ ምክንያቶች ጉልህ ተጽዕኖ እንዳላቸው ታውቋል" ተብሎ ይዘጋል። የትኞቹ ምክንያቶች? ምን ያህል? አንባቢው የመጣው እኮ ለዚህ ነበር።

አንዲት ተማሪ ጡት ስለማጥባት አጠናች እንበል (ቁጥሮቹን ለማሳያ ያስቀመጥኳቸው እኔ ነኝ)። "የእናቶች የሥራ ሁኔታ ጡት በማጥባት ላይ ተጽዕኖ አለው" ብላ ብታልፍ ምንም አልነገረችንም። "ከ400 እናቶች 232ቱ (58 በመቶ) ልጃቸውን እስከ 6 ወር ጡት ብቻ አጥብተዋል፤ ከቤት ውጭ ከሚሠሩት መካከል ግን እንዲህ ያደረጉት 41 በመቶ ናቸው" ብትል ግን ሥራዋ ወዲያው ይታያል። ጥናታችሁ በቃለ መጠይቅ የተሠራ ከሆነም ያው ነው። "አራት ጭብጦች ተለይተዋል" ብላችሁ አትለፉ፣ ጭብጦቹን በስማቸው ጥሯቸው።

ስለዚህ የውጤቱን ክፍል ቀድማችሁ ጻፉ። ሦስት ወይም አራት ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል። ከዚያ ወደ ላይ ተመለሱና ችግሩንና እስካሁን ያልታወቀውን ነገር በሁለት ዓረፍተ ነገር፣ ዓላማውን በአንድ አስቀምጡ። ለዘዴው ማን፣ የት፣ መቼ፣ ስንት ሰው፣ በምን መንገድ የሚሉትን መመለስ በቂ ነው። የሶፍትዌሩ ስም ሙሉው ጽሑፍ ውስጥ ይነበባል። ማጣቀሻ አታስገቡ፣ አሕጽሮተ ቃልም የግድ ካልሆነ ይቅር።

መደምደሚያው ላይ ተጠንቀቁ። መረጃውን የሰበሰባችሁት በአንድ ወቅት፣ አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ ሁለት ነገሮች አብረው መታየታቸውን እንጂ አንዱ ሌላውን ማምጣቱን መናገር አትችሉም። ምክረ ሐሳቡም "የሚመለከታቸው አካላት ትኩረት ሊሰጡት ይገባል" ከሆነ ቢቀር ይሻላል። ማን ምን ያድርግ? ለምሳሌ ቀጣሪዎች በሥራ ቦታ የማጥቢያ ክፍል ያዘጋጁ ማለት ይቻላል፣ ውጤታችሁ ያንን የሚደግፍ ከሆነ።

ርዝመቱን ከምትልኩበት ጆርናል መመሪያ እዩ። ፕሎስ ዋን እስከ 300 ቃል፣ ቢኤምሲ ፐብሊክ ሄልዝ እስከ 350 ይፈቅዳሉ፣ ሳይንስ መጽሔት ግን 125 አካባቢ ነው የሚፈልገው። ከበዛባችሁ መጀመሪያ የሚቀነሰው መግቢያው ነው፣ ውጤቱን አትንኩ።

ከመላካችሁ በፊት አብስትራክቱ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ቁጥር ከሰንጠረዡ ጋር አመሳክሩ። አማካሪያችሁ አስተያየት ሰጥቶ ትንተናው ሲስተካከል ብዙ ጊዜ ሰንጠረዡ ይቀየርና አብስትራክቱ አሮጌውን ቁጥር ይዞ ይቀራል፣ ገምጋሚዎች ደግሞ ይህን ቶሎ ነው የሚያዩት።