የኡማይታን ከበባ ስንተርክ የምንሠራቸው ስህተቶች

ሰሞኑን አንድ ወጣት ስለ ኡማይታ ከበባ የጻፈውን ትረካ «ይዩልኝ» ብሎ ላከልኝ። ጎበዝ ልጅ ነው፤ አጻጻፉም ይጥማል። ሦስተኛው መስመር ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ። «ዙሪያውን በግዙፍ የድንጋይ ግንብ የታጠረው ኡማይታ» ይላል። ይቺን ግንብ ዘንድሮ ብቻ ስታጋጥመኝ አራተኛዋ ነው። ለብዙ ዓመት በድምፅ የሚቀርብ የታሪክ ትረካ ስጽፍና የሌሎችን ሳርም ኖሬያለሁ፤ ይሄ የፓራጓይ ከበባ ደግሞ ከልቤ የምወደው ታሪክ ነው። ኡማይታ ወንዝ ዳር ያለ የፓራጓይ ምሽግ ነበር፤ በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ብራዚል፣ አርጀንቲናና ኡራጓይ ተባብረው ወጉት። ስለዚህ ለእሱ የነገርኩትን ለእናንተም ልጻፈው።

ከግንቡ እንጀምር። የድንጋይ ግንብ የለም። ኡማይታ በአብዛኛው አፈር ነው። ቦይ ተቆፈረ፣ የወጣው አፈር ተከመረ፣ መድፍ ተጠመደበት፣ በቃ። ከጡብ የተሠራው ጎልቶ የሚታየው ክፍል «ለንደን» የሚሉት የመድፍ ቤት ነበር፤ 16 የመድፍ መተኮሻ ቀዳዳ ነበረው። «ጋሼ፣ ታዲያ ጥንካሬው የቱ ጋ ነው?» አለኝ ልጁ። ቦታው ላይ! የፓራጓይ ወንዝ እዚያ ጋ ሲደርስ እንደ ማጭድ ይታጠፍና ወደ 200 ሜትር ገደማ ይጠባል። ሽቅብ የምትወጣ መርከብ ከወራጁ ውሃ ጋር እየታገለች፣ ከፍ ካለው ዳር ላይ ቁልቁል በሚያዩዋት መድፎች ፊት በዝግታ መዞር አለባት። በየብስ እንዙር እንዳይባል ዙሪያው ረግረግ ነው። ማዶው ደግሞ ቻኮ ነው፤ ጫካና ጭቃ። ወደ ዋና ከተማው ወደ አሱንሲዮን የሚወስደው ሁነኛ መንገድ ደግሞ ያው ወንዙ ነበር። እባካችሁ ካርታ ሳታዩ አንድ መስመር አትጻፉ። ማጭዱን ወረቀት ላይ ሣሉት፤ ግማሹ ታሪክ ያኔውኑ ይገባችኋል።

የግንቡ ወሬ ከየት መጣ ካላችሁ፣ በዘመኑ ጋዜጦች «የደቡብ አሜሪካ ሴባስቶፖል» ይሉት ነበር። ስሙ ለእኛም ቅርብ ነው፤ አፄ ቴዎድሮስም ትልቁን መድፋቸውን ሴባስቶፖል ብለውታል፤ የሁለቱም ምንጭ በክራይሚያ ጦርነት የተከበበችው የሩሲያ ምሽግ ከተማ ናት። በ1855 ሐረር የገባው ሪቻርድ በርተን ያኔ ብራዚል ውስጥ የእንግሊዝ ቆንስል ነበር። ኡማይታ በወደቀ በሳምንታት ውስጥ ሄዶ አየው። ያን ያህል የተወራለት ምሽግ እንዲህ ደካማ ሆኖ ማግኘቱ አስገርሞት ጽፏል።

ስሙ ኡማይታ ነው፣ «ሁማይታ» አይደለም።

ፓራጓይን የገዙት ሎፔዞች ሁለት ናቸው። ምሽጉን በ1850ዎቹ ከብራዚል ጋር ሲካረር ማሠራት የጀመረው አባትየው ካርሎስ አንቶኒዮ ነው፤ በ1862 ሞተ። ጦርነቱን የተዋጋው ልጁ ፍራንሲስኮ ሶላኖ ነው።

ዓመተ ምሕረት ስትጽፉ «እ.ኤ.አ.» ማለት አትርሱ። ምሽጉ የወደቀበት 1868 በእኛ 1860 ነው፤ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ያረፉበት ዓመት። እዚህም የምጽፋቸው ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። «ከበባው ከ1866 እስከ 1868 ድረስ ቆየ።» ሁሉም እንዲህ ይጽፋል። ከበባ እኮ መክበብ ማለት ነው! ፊት ለፊት ሰፍሮ መድፍ መተኮስ ከበባ አይባልም። ብራዚል፣ አርጀንቲናና ኡራጓይ በግንቦት 1865 በፓራጓይ ላይ የጦር ቃል ኪዳን ተፈራረሙ፤ በሚያዝያ 1866 የፓራናን ወንዝ ተሻግረው ፓራጓይ ገቡ። በዚያው ዓመት ግንቦት 24 ቱዩቲ ላይ አህጉሩ አይቶት የማያውቀውን ደም አፋሳሽ ውጊያ አሸነፉ። መስከረም 22 ግን ኩሩፓይቲ ላይ በቀጥታ ወደ ቦዩ ሮጡ። ወደ 4,000 የሚሆን ሰው ሞቶና ቆስሎ ቀረባቸው፤ የፓራጓዮች ጉዳት ከመቶ በታች ነበር። ከዚያ በኋላ ወራት ሙሉ ረግረግ ውስጥ ቁጭ ብለው ኮሌራ ፈጃቸው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ምሽጉ ውስጥ ያለው ወታደር ምን ይበላ ነበር? ከብት! ከብቱ ከጀርባ በኩል እየተነዳ ይገባ ነበር። የኋላ በሩ ክፍት የሆነ ቤት ተከበበ ይባላል?

ይሄን የተረዳው የብራዚሉ አዛዥ ካሺያስ ነው። በሐምሌ 1867 ጦሩን ይዞ ረግረጉን በሩቁ ዞረ። አካባቢውን የሚያሳይ ካርታ ስላልነበረ ሁለት አሜሪካውያን ወንድማማቾች በአየር ፊኛ ሰው እያወጡ ከላይ ያስቃኙ ነበር፤ ፓራጓዮችም እንዳይታዩ እሳት አንድደው በጭስ ይሸፈኑ ነበር። ኅዳር 2 ቀን 1867 ብራዚሎች ከኡማይታ በላይ ወንዙ ዳር ያለችውን ታሂን ያዙ። የእውነተኛው ከበባ ልደት ይቺ ቀን ናት። ከዚያ በኋላ ከብቱ በማዶ በቻኮ ጭቃ ተነድቶ፣ ወንዙን በዋና ተሻግሮ ነበር የሚገባው። አስቡት፣ ለእራት የሚታረደው በሬ ያን ወንዝ ይዋኛል። እና ስትጽፉ በየወሩ «ምግቡ በየት ገባ?» ብላችሁ ጠይቁ። መድፍ መቁጠሩን ተዉት።

ሰንሰለቱ ላይ እኔ ራሴም ተሳስቻለሁ። ወንዙን አቋርጦ የተዘረጋ ሰንሰለት ነበር፤ እኔም የብራዚል ብረት ለበስ መርከቦች በደረታቸው በጥሰውት እንዳለፉ አድርጌ ጻፍኩ፣ ተተረከም። አንድ አድማጭ ደውሎ አረመኝ። እንደዚያ አልነበረም። ሰንሰለቱን ከውሃው በላይ ተሸክመው የያዙት ተንሳፋፊዎች ቀደም ብለው በመድፍ ተመትተው ሰጥመዋል፤ ሰንሰለቱም አብሮ ወርዶ ጭቃ ውስጥ ተቀብሯል። ወንዙም ሞልቶ ነበር። እስከ ዛሬ ያቺን ስህተት ሳስብ ይቆጨኛል፤ ምክንያቱም እውነተኛው ሌሊት ከፈጠርኩት ይበልጣል። የካቲት 19 ቀን 1868 ገና ሳይነጋ፣ ስድስት መርከቦች ሁለት ሁለት ሆነው በገመድ ተጣምረው ሽቅብ ወጡ፤ ትልቋ ትንሿን ጎኗ ላይ አስራ። የትንሿ የአላጎአስ ገመድ ተኩስ መካከል ተበጠሰ። ወራጁ ወደ ኋላ ወሰዳት። ተመለስ የሚል ትእዛዝ ነበር፤ አዛዡ ማውሪቲ ግን ብቻዋን አዙሮ በዚያ ሁሉ መድፍ ፊት አሳለፋት። ወደ 200 የሚጠጋ ጥይት አርፎባት አለፈች።

«መርከቦቹ አለፉ፤ ኡማይታም ወደቀ» አትበሉ። ከዚያ ሌሊት በኋላ አምስት ወር ቆሟል። ሎፔዝ በመጋቢት አብዛኛውን ጦር ይዞ በቻኮ በኩል ወጣ፤ 3,000 ገደማ ሰው ትቶ። በሐምሌ 16 እንኳ ባዶ መስሏቸው የመጡትን ብራዚሎች እነዚህ የተራቡ ሰዎች መልሰዋቸዋል።

ለድምፅ አቀናባሪዎች አንዲት ነገር ልበል። ሁሉንም በፍንዳታ አትሙሉት። ፓራጓዮች ከድብደባ በኋላ ቱሩቱቱ የሚሉትን ቀንድ እየነፉ ይሳለቁ ነበር። ከተኩሱ በኋላ ዝም በሉና ያንን ቀንድ አሰሙን።

የመጨረሻው ስህተት ትረካውን ሐምሌ 25 ላይ ባንዲራ ሰቅሎ መዝጋት ነው። በዋዜማው የሎፔዝ ልደት ነበር። ሙዚቃ እየተመታ፣ ሰዉ ሴቶቹን ጨምሮ በታንኳ ወደ ቻኮ ተሻገረ። ጠላት ባዶ ምሽግ ገባ። የተሻገሩት ግን በወንዙና በአንድ ሐይቅ መካከል ተቀረቀሩ። በየሌሊቱ በተኩስ ውስጥ በታንኳ ሊያመልጡ ይሞክሩ ነበር፤ የተሳካላቸው አሉ፣ ብዙዎቹ አልቀዋል። ነሐሴ 5 አዛዣቸው ኮሎኔል ማርቲኔዝ ከ1,300 ገደማ ሰዎች ጋር እጁን ሰጠ። ብዙዎቹ በረሃብ ቆመው መሄድ አይችሉም ነበር። ሎፔዝ ይሄን ክህደት አለው፤ አንዳንድ ተራኪዎቻችንም ቃሉን እንዳለ ተቀብለው «ከሃዲው ማርቲኔዝ» ይላሉ። በምን አንጀታችሁ? ሰውየው የሚበላ ነገር እስኪያልቅ ተዋግቷል። ሎፔዝ እሱን ሊያገኘው ስላልቻለ ሚስቱን ኹሊያና ኢንስፍራንን ያዛት። ባሏን ከሃዲ ነው እንድትል አሠቃያት፤ በመጨረሻም አስገደላት። ትረካችሁ ሊያልቅ አንድ ደቂቃ ከቀራችሁ ለእሷ ስጧት።