የቺንግ (የቻይና የመጨረሻው ንጉሣዊ ሥርወ መንግሥት) ቤተ መንግሥት የቡድሃ ንዋየ ቅድሳት ሙዚየም ውስጥ ሲያጋጥሟችሁ እንዴት ታዩአቸዋላችሁ?

በወርቅና በሰማያዊ ኢናሜል (በእሳት ቀልጦ ብረት ላይ በሚጣበቅ ባለቀለም መስታወት) ያሸበረቀ የቻይና መቅረዝ ስታዩ ፎቶ አንስታችሁ ብቻ አትለፉ። ለመሠዊያ የተሠራ የመባ ዕቃ ሊሆን ይችላል። እንዴት እንደሚታይ ካወቃችሁ ብዙ ይነግራችኋል።

መጀመሪያ ራቅ ብላችሁ ቁጠሩ። ሙሉው ስብስብ አምስት ነው፤ መሃል የዕጣን ማጤሻ፣ ግራና ቀኝ ሁለት መቅረዝ፣ ዳርና ዳር ደግሞ ሁለት የአበባ ማስቀመጫ። የእኛ ካህን ጽናውን እያወዛወዘ ያጥናል፤ ይሄኛው ማጤሻ ግን በእግሩ ቆሞ ከቦታው ሳይነቃነቅ ነው የሚጨሰው። አንድ መቅረዝ ብቻውን ከቆመ ታዲያ ጓደኛው የት ሄደ ማለት ያስፈልጋል።

ሌላው ስብስብ ስምንት ነው፦ መንኮራኩር፣ የቀንድ አውጣ ቅርፊት፣ ጃንጥላ፣ የድል ሰንደቅ፣ ሎተስ፣ ገንቦ፣ ጥንድ ዓሣና ማለቂያ የሌለው ቋጠሮ። እያንዳንዱ በሎተስ አበባ መቆሚያ ላይ ተተክሎ በመሠዊያው ፊት ይደረደራል። በቺንግ ንጉሠ ነገሥት በአጼ ቺየንሎንግ ዘመን እንዲህ ዓይነት ዕቃ በብዛት ተሠርቷል። ንጉሡ የቲቤት ቡድሂዝምን ከመምህሩ ከሮልፓይ ዶርጄ ተምሯል፤ የተወለደበትን የቤጂንጉን ዮንግሄ ግቢም እ.ኤ.አ. በ1744 ገዳም አድርጎታል።

አሁን ጠጋ በሉ። እኔ በጣም የምወደው ይሄን ነው። ቀጫጭን የመዳብ ሽቦ በጥበብ እየታጠፈ በመዳቡ አካል ላይ ይለጠፋል፣ በሽቦዎቹ መካከል ያለው ክፍተት በተፈጨ ባለቀለም መስታወት ይሞላል፣ እሳት ይገባል፣ መስታወቱ ሲቀልጥ ስለሚጎድል እንደገና ይሞላና እንደገና ይተኮሳል፣ ከዚያ ተፈግፍጎ ሽቦው በወርቅ ይለበጣል። ሽቦውን በዓይናችሁ ተከተሉት፤ ቅጠል ሆኖ ይጀምርና ተጠማዝዞ ደመና ይሆናል።

ሮዝ ቀለም ካለበት እዚያ ላይ ቆም በሉ። ከቺንግ በፊት በነበረው በሚንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን ሮዝ የሚገኘው የነጭና የቀይ መስታወት ፍንካች በመደባለቅ ስለነበር ቀረብ ሲሉት ነጠብጣብ ነው። ጥርት ያለው ወጥ ሮዝ ከወርቅ የሚሠራ ሲሆን ወደ ቤተ መንግሥቱ የእጅ ሥራ ቤቶች የገባው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው። እንዲህ ያለ ሮዝ ያለበት ኢናሜል የሚንግ ነው ቢሏችሁ አትቀበሉ።

የንጉሡ ዘመን ምልክት ብዙ ጊዜ ከሥር ወይም ከአፉ ጠርዝ ላይ በአራት ወይም በስድስት የቻይና ፊደላት ይጻፋል። ግን በእሱ ብቻ አትተማመኑ፣ ኋላ የመጡ ባለሙያዎችም ገልብጠውታል።

በመጨረሻ ከዕቃው አጠገብ ያለውን የመግለጫ ካርድ አንብቡ፣ በተለይ ዕቃው እንዴት እንደመጣ የሚለውን። የእንግሊዝና የፈረንሳይ ጦር እ.ኤ.አ. በ1860 የቤጂንግን የበጋ ቤተ መንግሥት ዘርፏል፤ ከስምንት ዓመት በኋላ የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ላይ ያደረገውን የምናውቅ ሰዎች ይሄን መስመር ልንዘለው አይገባም። ካርዱ ላይ ካልተጻፈ የዕቃውን ቁጥር ያዙና በሙዚየሙ ድረ ገጽ ፈልጉ፤ እዚያም ከሌለ በኢሜይል ጠይቁ።