የመርከበኛን ሥር የሰደደ ድካም በአይጥ ማጥናት፣ ደሴ ላይ ሆነህ

በ2009 ዓ.ም. ሁለት የአሜሪካ የጦር መርከቦች፣ ፊትዝጄራልድና ማኬይን፣ በየፊናቸው ከንግድ መርከብ ጋር ተጋጭተው 17 መርከበኞች ሞቱ። ምርመራው ድካምን ከምክንያቶቹ አንዱ አድርጎታል። ደሴ ባሕር የለም፤ ጥያቄውን ግን እዚሁ መስራት ይቻላል።

መጀመሪያ የሥነ ምግባር ፈቃድ አውጣ። ያለሱ አንዲት አይጥ እንዳትነካ።

አይጥ የሌሊት እንስሳ ናት፣ በብዛት የምትተኛው ቀን ነው። ስለዚህ የመርከበኛውን የሌሊት ዘብ ለመምሰል እንቅልፏን የምትረብሸው መብራት በሚበራበት ሰዓት ነው፣ ማለትም ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 12 ባለው ጊዜ ውስጥ። ጎጆዋን ቀስ ብለህ ነካ ነካ አድርግ። አታስደንግጣት፤ የፈራች አይጥ የምታሳይህ ጭንቀት ነው። የመብራቱ ታይመር ባትሪ ይኑረው። እኔ ጋ መብራት ሄዶ ሲመጣ ታይመሩ ከዜሮ ጀመረና የሦስት ሳምንት ልፋት ገደል ገባ።

ከፍታውን አትርሳ። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፣ መርከብ ግን ባሕር ወለል ላይ ነው የሚሄደው። የኦክስጅን ማነስ ራሱ ያደክማል። የተረበሹትንም ያልተረበሹትንም እዚሁ አልምዳቸው እንጂ፣ አንዱን ቡድን ኮምቦልቻ አስቀምጠህ አታነጻጽር።

አይጥ "ደከመኝ" አትልም። መሽከርከሪያው ላይ በፈቃዷ የሮጠችውን ርቀት በየሌሊቱ መዝግብ። ወጥታ ሁለት ዙር አዙራ ቁጭ ካለች፣ የስኳር ውሃና ተራ ውሃ አቅርብላት። ስኳሩን አስበልጣ ከጠጣች ጣፋጭ ነገር አሁንም ያስደስታታል ማለት ነው፤ ስለዚህ ነገሩ ከድባቴ ይልቅ ድካም የመሆኑ ዕድል ይሰፋል። ከሳምንት እረፍት በኋላ ደግመህ ለካ። መዝጋቢው የትኛዋ አይጥ ከየትኛው ቡድን እንደሆነች አይወቅ።