የምርጫ ወረቀቱ ላይ ማን ከላይ ይጻፍ?

አራት ኪሎ አካባቢ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ከተማሪዎች ቀጥሎ ደንበኞቼ እድሮች፣ የኮንዶሚኒየም ማኅበራትና የቁጠባ ማኅበራት ናቸው። የኮሚቴ ምርጫ ሲደርስ የዕጩዎችን ስም በእጅ ጽፈው ያመጡልኛል። «ቅደም ተከተሉስ?» ስላቸው መልሱ ብዙ ጊዜ ያው ነው፦ «አንቺው እንደሚመችሽ አድርጊው፣ የኔ ልጅ።»

አይሆንም፣ ጋሼ። ከላይ መጻፍ ጥቅም አለው። አሜሪካ ኦሃዮ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1992 የተደረጉ ምርጫዎችን ያጠኑ ተመራማሪዎች፣ ስሙ አንደኛ ላይ የተጻፈ ዕጩ በአማካይ ወደ 2.5 በመቶ ነጥብ እንደሚጠቀም አይተዋል። 200 ሰው ድምፅ በሚሰጥበት እድር ይሄ 5 ድምፅ ነው። በ5 ድምፅ የተሸነፈ ሰው ምን እንደሚል መቼም ታውቁታላችሁ።

ስለዚህ ዘዴውን ቀድማችሁ ወስኑ፤ ቀድማችሁ ስል ዕጩዎቹ ሳይታወቁ። ስሞቹ አንዴ ከወጡ በኋላ የትኛው ዘዴ ማንን እንደሚጠቅም ሁሉም አስልቶ ይመጣል። ውሳኔውን ቃለ ጉባኤ ላይ አስፍሩት።

«በሀሁ ተራ ይሁን» የሚል ሰው አይጠፋም። ሲሰሙት ደስ ይላል። ግን ሀና እና ለማ ሁልጊዜ ከላይ፣ ፈለቀና ፍቅርተ ሁልጊዜ ከታች ሊሆኑ ነው። ኃይሉን ደግሞ ተመልከቱት። በ«ሀ» ከጻፍኩት ለማን ይቀድማል፤ በ«ኀ» ቤት ከጻፍኩት ከነተስፋዬ በታች ይወርዳል። ኮምፒውተሩም የሚደረድረው እንደዚያው ነው። የሰውየው ቦታ እኔ በነካሁት ቁልፍ ተወሰነ ማለት ነው! አውስትራሊያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1937 በኒው ሳውዝ ዌልስ ሌበር ፓርቲ ለሴኔት ያቀረባቸው የአራቱም ዕጩዎች የቤተሰብ ስም በእንግሊዝኛው የመጀመሪያ ፊደል፣ በ«ኤ» (A) ይጀምር ነበር። አራቱም ተመረጡ። ዛሬ እዚያም ቅደም ተከተሉ በዕጣ ነው።

በምዝገባ ተራ ከሆነ ወሬውን ቀድሞ የሰማ ይቀድማል። «ነባሩ ኮሚቴ ከላይ ይሁን» የሚለውንማ ተዉት።

የሚሻለው ዕጣ ነው፤ ግን ደጃፍ ላይ ሆነው ሁለት ሰዎች የሚያወጡት ዕጣ አይደለም። ቀኑንና ሰዓቱን አስቀድማችሁ ንገሩ። ዕጩዎች ወይም ወኪሎቻቸው ይምጡ፤ የቀረ ሰው ካለ አትጠብቁት፣ በስልክ ቪዲዮ ቅረጹለት። ወረቀቶቹን ከአንድ ገጽ እኩል ቁረጡ፣ በአንድ እስክሪብቶ ጻፉ፣ አስተጣጠፋቸውም አንድ ዓይነት ይሁን። ባዶውን ሳህን ለተሰበሰበው ሰው አሳዩ። እያንዳንዱን ስም ጮክ ብላችሁ እያነበባችሁ ክተቱ። የሚያወጣው ዕጩም፣ የኮሚቴ አባልም፣ የማንም ዘመድ ያልሆነ ሰው ይሁን።

ከዚያ አደባልቁ። ሰው ችላ የሚለው ይህንን ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 አሜሪካ ለጦርነት የሚዘምቱ ወጣቶችን በልደት ቀን ዕጣ ስትለይ ሥነ ሥርዓቱ በቴሌቪዥን ተላልፏል። ሕዝብ እያየ ነው የወጣው። ነገር ግን ቀኖቹ በወር በወር ተራ ስለገቡና በደንብ ስላልተደባለቁ፣ በዓመቱ መጨረሻ ወራት የተወለዱት በብዛት ቀድመው ወጡ። በእናንተም ሳህን መጨረሻ የገባው ስም ከላይ ተኝቶ እንዳይቀር ደጋግማችሁ አማስሉ።

መጠራጠር የበዛበት ማኅበር ከሆነ አውስትራሊያውያን እንደሚያደርጉት ሁለት ጊዜ አውጡ። በመጀመሪያው ዕጣ እያንዳንዱ ዕጩ ቁጥር ያገኛል፤ በሁለተኛው ቁጥሮቹ ቦታቸውን ይይዛሉ።

ሌላም መንገድ አለ። ታዝማኒያ በምትባለው የአውስትራሊያ ግዛት ውስጥ ስሞቹ ከወረቀት ወረቀት ቦታ ይቀያየራሉ። አምስት ዕጩና 300 መራጭ ካላችሁ አምስት ዓይነት ወረቀት፣ እያንዳንዱን 60 60 ማባዛት ነው። የፎቶ ኮፒው ዋጋ ያው ነው። ለእድር ግን አልመክርም። እማማ ማንበብ ካልቻሉ «ሦስተኛው ላይ ምልክት ያድርጉ» ተብለው ነው የሚመጡት፤ ሦስተኛው ሌላ ሰው ሆኖ ይጠብቃቸዋል። ቆጣሪውም ይደናገራል። መራጩ ሁሉ አንባቢ ለሆነበት ማኅበር ግን ጥሩ ነው።

ዕጣው እንደወጣ ዝርዝሩን ቃለ ጉባኤው ላይ ጻፉ፣ የተገኙት ይፈርሙ፣ ፎቶ አንስታችሁ የዚያኑ ቀን ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ልቀቁት። ዕጩ ራሱን ቢያገል ምን እንደሚደረግም አብራችሁ ጻፉ። እንደገና ዕጣ አያስፈልግም፤ ከሱ በታች ያሉት አንድ አንድ ቦታ ከፍ ይበሉ።

ወደ እኔ ስትመጡ የተፈረመበትን ቃለ ጉባኤ ይዛችሁ ኑ። አንድ ናሙና አወጣላችኋለሁ፤ ሁለት ሰው ከቃለ ጉባኤው ጋር አመሳክሮ ናሙናው ላይ ይፈርም። ስሞቹ በአንድ ረድፍ፣ ከላይ ወደ ታች፣ በእኩል የፊደል መጠን ይሁኑ። ወረቀት ለመቆጠብ ብላችሁ ሁለት ረድፍ አታስደርጉኝ፤ ዕጩዎቹ አሥር ቢሆኑ ስድስተኛው ሰው ከአንደኛው ጎን ቁጭ ይላል፣ ዕጣውም ትርጉም ያጣል። የዕጣ ወረቀቶቹን ፖስታ ውስጥ አሽጋችሁ የቅሬታ ጊዜው እስኪያልፍ አስቀምጡ።

ሰኔ ላይ ከሆነ ደግሞ ቀደም ብላችሁ ኑ። የተመራቂዎች ጽሑፍ ተደራርቦ ማሽኑ ፋታ የለውም።