ካኖን 5ዲ ማርክ 2ን ለመሸጥ ከመወሰን በፊት፦ ችግርና መፍትሔ

በ2008 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ካኖን 5ዲ ማርክ 2 ካሜራ ዛሬም በብዙ ፎቶ አንሺዎች እጅ ይገኛል። አጠገባቸው በሚረርለስ (ውስጡ መስታወት በሌለው አዲስ ዓይነት ካሜራ) ወይም በስልክ የተነሳው ፎቶ በልጦ ሲያዩት ብዙዎቹ መጀመሪያ የሚያስቡት መሸጥን ነው። እኔ ግን ጉድለቱ ከካሜራው ዕድሜ የመጣ ነው ወይስ ሊስተካከል የሚችል ነው የሚለው አስቀድሞ መለየት አለበት እላለሁ።

ዓይን ደብዝዞ ጆሮ ሲጠራ

እንደ 5ዲው ባለ ዲኤስኤልአር (ባለ መስታወት ካሜራ) በመመልከቻው ሲነሳ ፎከስ የሚለካው ፎቶውን በሚቀርጸው ሴንሰር አይደለም፤ መስታወቱ ወደ ታች በሚልከው ብርሃን፣ በካሜራው ግርጌ በተቀመጠ ሌላ መለኪያ ነው። በሁለቱ መካከል ጥቂት መዛነፍ ካለ 85 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 በመሰለ፣ የብርሃን ቀዳዳው በሰፊው በሚከፈት ሌንስ ላይ ወዲያውኑ ይታወቃል። ሚረርለስ በራሱ በሴንሰሩ ላይ ስለሚለካ ከዚህ ዓይነቱ መዛነፍ ነፃ ነው።

ለማረጋገጥ ካሜራውን ትራይፖድ ላይ ያቁሙ፤ ጋዜጣ አዘንብለው ያስቀምጡና አንዱን መስመር በእስክሪብቶ ያስምሩበት። ያንን መስመር መጀመሪያ በመመልከቻው በኩል ፎከስ አድርገው ያንሱት፤ ቀጥሎ በላይቭ ቪው (በጀርባው ስክሪን እያዩ) 10 እጥፍ አጉልተው፣ ፎከሱን በእጅ አስተካክለው ይድገሙት። ሁለተኛው ጠርቶ የመጀመሪያው ከደበዘዘ ጥፋቱ የፎከስ መለኪያው ነው፤ በሜኑው ውስጥ ከ20 ሲቀነስ እስከ 20 ሲደመር የሚሄድ ማስተካከያ ስላለ፣ የጠራው ከተሰመረበት ኋላ ያለው ከሆነ ወደ ቅነሳው፣ ፊት ያለው ከሆነ ወደ ድምሩ ጥቂት ጥቂት እያሉ ይሞክሩ። ሁለቱም ከደበዘዙ ግን ሌንሱን ያስመርምሩ። ከ9ኙ የፎከስ ነጥቦች መስቀለኛው፣ ማለትም ቋሚውንም አግድሙንም መስመር የሚለየው፣ የመሃሉ ብቻ በመሆኑ፣ ብርሃን ሲያንስ በጎኖቹ ላይ መተማመን አይገባም። የሚንቀሳቀስ ሰውን ዓይን እየተከተለ የሚይዘው የሚረርለስ ችሎታ ግን በዚህ ካሜራ ላይ በምንም ማስተካከያ አይገኝም።

ነጠላ የለበሰ ሰው ፊቱ ሲጨልም

የካሜራው መለኪያ ነጩን ልብስ ከመጠን ያለፈ ብርሃን አድርጎ ስለሚቆጥረው ጠቅላላውን ፎቶ ያጨልመዋል። ስልክ ፊትን ለይቶ ያበራል፣ ብዙ ምስሎችንም በቅጽበት ያዋህዳል፤ የሚበልጠው በዚህ ስሌት እንጂ በሴንሰር አይደለም፤ የ5ዲው ሴንሰር 36 በ24 ሚሊሜትር ሲሆን የስልኩ ከዚያ ብዙ እጥፍ ያንሳል። መፍትሔው በሮው (ካሜራው ባልጨመቀው ጥሬ ፋይል) ማንሳትና የኤክስፖዠር ማካካሻውን (ፎቶውን የሚያበራውንና የሚያጨልመውን ማስተካከያ) ወደ 1 ሲደመር ገደማ ከፍ ማድረግ ነው፤ ካነሱ በኋላ ፎቶውን አጉልተው የነጠላው ድርና ማግ አለመጥፋቱን ይዩ። በኮምፒውተር አበራዋለሁ ብሎ አጨልሞ ማንሳት ይህን ካሜራ አይስማማውም፤ የጨለመው ክፍል ሲበራ ቀጫጭን መስመሮች ብቅ ይላሉ። ስለዚህ አይኤስኦውን (የካሜራውን ለብርሃን የመንቃት መጠን) እስከ 1600 ማድረስ አያስፈራዎት።

ሰማይ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ሲታይ

ሴንሰሩ ላይ ያረፈ አቧራ ነው። የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ ወደ ኤፍ 16 አጥብበው ነጭ ግድግዳ አንስተው ያረጋግጡ፤ በሜኑው ሴንሰር ማጽጃውን ከፍተው መስታወቱ ከተነሳ በኋላ በእጅ መንፊያ ያራግፉት፤ በአፍ ግን አይንፉ።

ቪዲዮ 12 ደቂቃ ገደማ ላይ ሲቆም

ካርዱ አልተበላሸም፤ አንዱ ፋይል 4 ጊጋባይት ሲሞላ ካሜራው ቀረጻውን ያቆማል። በየንግግሩ መሃል አቁሞ እንደገና መጀመር ይቻላል፤ ፋታ ለሌለው ሥነ ሥርዓት ግን ሚረርለስ ተከራይቶ 5ዲውን ለፎቶ መያዝ ይሻላል።