አዲስ የሚሽከረከር ሞርሳ ስትሞክሩ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

ታላቅ ወንድሜ ከውጭ ሲመጣ የሚሽከረከር ሞርሳ ይዞልኝ መጣ። ሐዋሳ ቤቴ በረንዳ ላይ ተክዬው ሁለት ሳምንት ሙሉ የዓሣ ማጥመጃ ዝንብ ስሠራ ከረምኩ። ብዙ መንጠቆ አበላሽቻለሁ፤ እናንተ እንዳታበላሹ ነው የምጽፈው።

ለማያውቀው ሰው፣ ዝንቡ እውነተኛ ዝንብ አይደለም። ትንሽ መንጠቆ ላይ ላባ፣ ጸጉርና ክር ተጠምጥሞ ነፍሳት እንዲመስል የሚሠራ ማጥመጃ ነው። ተራው ሞርሳ መንጠቆውን ይይዛል፣ አለቀ። የሚሽከረከረው ግን መንጠቆውን ያዞረዋል። እናንተ ላባውን ወጠር አድርጋችሁ ትይዛላችሁ፣ እሱ እየዞረ ይጠመጥመዋል።

የመጀመሪያውና ትልቁ ስህተት ሳያስተካክሉ ማዞር ነው። የመንጠቆው ቀጥ ያለው ክፍል ሞርሳው በሚዞርበት መስመር ላይ ልክ መግጠም አለበት። ካልገጠመ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ላባውም አንዴ ይላላል፣ አንዴ ይጠብቃል። መፈተኛው ቀላል ነው። የእርሳስ ጫፍ መንጠቆው ቀዳዳ አጠገብ አድርጉና ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ቀዳዳው ባለበት ከዞረ ጥሩ ነው። ክብ እየሠራ ከእርሳሱ ከራቀ፣ መንጋጋውን ከፍ ወይም ዝቅ አድርጉ። የመንጠቆ ቁጥር በለወጣችሁ ቁጥር ይህን ድገሙት። ባለ 8 ቁጥር መንጠቆ ከባለ 16 ቁጥር ይበልጣል፤ ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው ያንሳል።

ሁለተኛው፣ በጉልበት መጨበጥ። መጀመሪያ የመንጋጋውን ስፋት ለሽቦው ውፍረት አስተካክሉ፣ ከዚያ ዝጉት። ለመዝጋት ትግል ካስፈለገ አንድ ነገር ተሳስቷል ማለት ነው። መያዝ ያለበትም ጉብጠቱ ላይ ነው፤ ሹሉን ጫፍ መንጋጋው ውስጥ ከቀበራችሁት ይጎዳል። ሲጨርሱ ቀዳዳውን በጥፍር ነካ አድርጉት። በደንብ የተያዘ መንጠቆ እንደ ክራር ክር ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ከተንሸራተተ እንደገና።

ሦስተኛውን በራሴ ነው ያየሁት። የክሩ መያዣ ከመንጠቆው ተንጠልጥሎ እያለ ሞርሳውን አዞርኩት። ላባው በሚያምር ሁኔታ ሲጠመጠም ዓይኔ እሱ ላይ ነበር፤ ክሩ ግን ከሥሩ አብሮ እየተጠቀለለ የላባውን ጭራዎች አንድ በአንድ ወደ ታች እያሰረ ነበር። ምላጭ አንስቼ ሁሉንም ቆረጥኩት። ከማዞራችሁ በፊት ክሩን አንድ ቋጠሮ አድርጉና መያዣውን ሞርሳው ፊት ለፊት ባለው ማረፊያ ላይ ስቀሉት። ክሩ ከቀዳዳው ቀጥ ብሎ ይውጣ።

ሁሉን ነገር በማዞር ለመሥራት መሞከርም ይደክማል። ክሩን በእጅ ጠምጥሙ። ማዞሩ የሚጠቅመው ለዝንቡ አካልና ለላባው ነው፣ ከዚያም ሆዱን ገልብጦ ለማየት። ማጥበቂያ ብሎኑ ደግሞ ግማሽ ዙር ላይ ስትለቁት ባለበት የሚያስቆም ያህል ይጥበቅ። ጠረጴዛችሁ የሚነቃነቅ ፕላስቲክ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ ልፋት ከንቱ ነው፤ ከባድ እንጨት ፈልጉ።

በውድ ላባ አትጀምሩ። የመጀመሪያዎቹን አምስት ስድስት በሹራብ ክር ሥሩ፣ ከዚያ ለበዓል ከታረደው አውራ ዶሮ የአንገት ላባ ውሰዱ። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር አሞራ ገደል የሚንጎራደዱትን አባ ኮዳ የሚባሉ ትልልቅ ወፎች አይታችሁ ላባቸውን እንዳትመኙ። ማራቡ ተብሎ የሚሸጠው ለስላሳ ላባ ስሙን ያገኘው ከእነሱ የእንግሊዝኛ ስም ነው፣ ዛሬ ግን የቱርክ ዶሮ ላባ ነው። እኔ ከአውራ ዶሮው ላባ ረጃጅሙንና ጠንከር ያለውን ለይቼ አስቀምጫለሁ። እሱ ውኃ ላይ ለሚንሳፈፍ ዝንብ ይሆናል፤ ዲንሾ ሄጄ ትራውት የተባለውን የባሌ ዓሣ የምሞክረው በእሱ ነው።